ከደጃፋችን የሚወርደው የክረምት ውኃ

የቤተ ሰብ ንጽሕና ከጓዳ ተጀምሮ በአጥሩ በር ላይ የሚያበቃ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ወለሉ ይወለወላል፤ ግቢው ይጠረጋል፤ ዕቃው ይታጠባል፤ ከዚህ ሁሉ የተረፈው ጥራጊና እጣቢ ግን በሩን አልፎ በመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ሲገባ ከዓለም የጠፋ ያህል ይቈጠራል። ክረምት ሲገባ ያ የጠፋ የመሰለው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል፤ ወደ እኛ ደጃፍ ባይሆን ወደ ታችኛው ጎረቤታችን ደጃፍ። ስለዚህ በዚህ ወር ስለዚሁ ቦይ፥ በውስጡም ሊፈስ ስለሚገባውና ስለማይገባው ነገር፥ ሕጉም ስለሚለው ጥቂት ለመጻፍ አስበናል።

ምሳሌያችን አዲስ አበባ ናት። ከተማዪቱ በ1879 ዓ.ም. የተቈረቈረችው በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የአቃቂ ሜዳ ግን ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ይላል። በሰሜን በኩል የዘነበው ዝናብ ሁሉ እንግዲህ መንገዱ ቁልቁል ነው። ቀጨኔ፥ ቀበና፥ ጊንፍሌ፥ ባንትይቀጡና ሌሎችም እየተገናኙ ወደ ትልቁና ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባሉ፤ እነዚህም ከአባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ደርሰው በመጨረሻ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላሉ። አዋሽም እንደሌሎቹ ታላላቅ ወንዞች ወደ ባሕር የሚገባ አይደለም፤ የአፋርን በረሓ አቋርጦ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ስለዚህ እኛ ወደ ውኃው የጣልነውን የሚቀበልልን ባሕር እንኳ የለም፤ እዚሁ ይቀራል።

ቀድሞ ከዚህ ዝናብ ብዙውን ዛፉና ሣሩ አዘግይቶ መሬቱ ይጠጣው ነበር። ዛሬ መሬቱን ቆርቆሮ፥ አስፋልትና ሲሚንቶ ሸፍነውታል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። ጣራው 100 ካሬ ሜትር በሆነ ቤት ላይ በአንድ ብርቱ ዝናብ 20 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 2,000 ሊትር፥ ማለት ባለ 200 ሊትሩን በርሜል ዐሥር ጊዜ የሚሞላ ውኃ፥ ከአንድ ጣራ ብቻ ይፈስሳል። በአንድ መንደር ሃምሳ እንዲህ ያለ ቤት ቢኖር አምስት መቶ በርሜል ውኃ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቦይ ይንደረደራል። ይህ ቦይ በፌስታልና በደለል ግማሹ የተሞላ እንደ ሆነ የቀረው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚሳሳትበት ነገር እንምጣ። ከመሬት በታች ውኃ የሚያልፍበትን ሁሉ በተለምዶ «ቱቦ» ብለን ስለምንጠራው አንድ ነገር ይመስለናል፤ ነገር ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው የፍሳሽ መስመር ነው፤ ከመጸዳጃ ቤትና ከማድ ቤት የወጣውን ተቀብሎ እንደ ቃሊቲ ወዳለ ማጣሪያ ያደርሳል፤ ይህን የሚያስተዳድረው የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። ሁለተኛው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነው፤ የመንገዶች ባለሥልጣን የሚሠራውና የሚጠርገው ሲሆን ለዝናብ ውኃ ብቻ የተበጀ ነው። የጎርፉ ቦይ ማጣሪያ የለውም። በእርሱ የገባ ነገር ሁሉ እንደ ገባ ወንዝ ይደርሳል። በከተማው ውስጥ ከፍሳሹ መስመር ጋር ያልተገናኘ ቤት እጅግ ብዙ ስለ ሆነ፥ ከግቢ የወጣ ቱቦ ሁሉ ወደ ቅርቡ ቦይ ይዘረጋል፤ ከዚያ በኋላ «ፍሳሹ ተያዘ» ይባላል። አልተያዘም፤ ሰፈር ለወጠ እንጂ።

ከዚህም የከፋ ልማድ አለ፤ ለመጻፍ ቢያሳፍርም ዝም ማለት አይቻልም። የመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ ሲሞላ ለመምጠጫ መኪና ላለመክፈል ብርቱ ዝናብ የሚጥልበትን ሌሊት ጠብቆ ጉድጓዱን ከጎርፉ ጋር የሚለቅ አባወራ በየሰፈሩ አይታጣም። ይህ ሰው ገንዘቡን ያተረፈው ከታች ካሉት ሕፃናት ጤና ላይ ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ገብቶ ብዙ ቤተ ሰብ ማስጨነቁን የምናስታውሰው ነው። እንዲህ ያለው በሽታ ከሰው ዐይነ ምድር ወጥቶ በተበከለ ውኃና ምግብ አማካይነት ወደ ሰው አፍ የሚመለስ ነው። ጉድጓዱን በሌሊት የከፈተው ሰው ይህን መንገድ በገዛ እጁ ያሳጥረዋል።

መንገዱም ወደ ማዕዳችን ያደርሳል። በአቃቂ ወንዞች ዳር በመስኖ የሚለማው ጎመን፥ ቆስጣና ሰላጣ ለከተማው ገበያ ይቀርባል። ዓመቱን ግማሽ ያህል ለሚጾም ቤተ ሰብ ደግሞ አትክልት ዋና ምግብ ነው። ተመራማሪዎች በየጊዜው ባደረጉት ምርመራ በወንዙ ውኃና በአትክልቱ ላይ የዐይነ ምድር ተሕዋስያንና ከፋብሪካ የሚወጡ እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች ተገኝተዋል። ተሕዋስያኑን በደንብ ማጠብና ማብሰል ይቀንሳቸዋል፤ ተክሉ ከሥሩ የሳበውን ብረት ግን የትኛዋም ባለሙያ እመቤት አጥባ አታወጣውም። ፋብሪካው የሚጠየቅበት ለብቻው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከየቤቱ የሚወጣው እጣቢና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ከፋብሪካው በር የመጣ አይደለም።

የሕጉን ነገር ስንመለከት ጉዳዩ አዲስ አለመሆኑን እናያለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለ ርስት በይዞታው ሲጠቀም የጎረቤቱን ይዞታ የሚጎዳ ከልክ ያለፈ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በንጹሕና በጤናማ አካባቢ መኖርን የሁሉም ሰው መብት አድርጎ፥ አካባቢን መጠበቅን ደግሞ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ አድርጎታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300፥ የበከለ ሰው ያበከለውን ራሱ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ደነገገ። ከሁሉ ይልቅ ለተራው ሰው የሚጠቅመው ግን በዚሁ አዋጅ የተሰጠው አቤት የማለት መብት ነው፤ በካይ ላይ አቤቱታ ለማቅረብ «ጉዳቱ በእኔ ላይ ደርሷል» ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የተጠየቀው መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ስለዚህ መብት የሚያውቅ አባወራ ስንት ይሆን?

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 በመንገድና በውኃ መውረጃ ላይ ጥራጊ መጣልን ከልክሎ፥ ዳግም ሊሠራበት የሚችለውን ከሚጣለው የመለየት ኀላፊነት በቤቱ አስተዳዳሪ ላይ አሳርፎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲስ አዋጅ ደግሞ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣለውን ፌስታል እስከ መከልከል ደረሰ። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ስለ ወንዞች ብክለት ራሱን የቻለ ደንብ አውጥቶ ፍሳሽና ቆሻሻ ወደ ወንዝ በሚለቁት ላይ ቅጣት መጣል ጀመረ። ቅጣቱ መልካም ነው። ሆኖም የመምጠጫ መኪና ሊገባበት በማይችል ጠባብ መንደር ለሚኖረው ድኻ ቅጣት ብቻ መፍትሔ አይሆንም፤ አስተዳደሩ የፍሳሹን መስመር ወደ እርሱም ማድረስ አለበት።

ከቤት ውስጥ ወደሚሠራው ስንመለስ፥ ትንሽ የሚመስለው ብዙ ነው። የተጠበሰበት ዘይት ወደ ቦይ ሲፈስስ በሌሊቱ ብርድ ረግቶ አሸዋና ፌስታል እየያዘ ግድግዳ ይሠራል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ከአመድ ወይም ከሰጋቱራ ጋር ለውሶ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ መስጠት ይሻላል። የጠላ አተላ ለከብት ይሰጣል እንጂ በቦይ አይደፋም። የልብስና የዕቃ እጣቢ የፍሳሽ መስመር በሌለበት ግቢ፥ ከቤቱ መሠረትና ከውኃ ጉድጓድ ራቅ ብሎ በተቈፈረና በድንጋይ በተሞላ ማስረጊያ ውስጥ ቢገባ ወንዙ ያርፋል። መኪናውን በደጃፉ የሚያጥብና የተቃጠለውን ዘይት እዚያው የሚያፈስስ ሰው ደግሞ በየላቫጆው ላይ ለማማረር አፍ የለውም። ቤት የሚሠራውም ሰው አሸዋውንና ጠጠሩን በመንገድ ዳር ከምሮ ክረምት ከደረሰበት ግማሹን ጎርፍ ወስዶ በቦዩ ውስጥ ያስቀምጥለታል፤ ሲሚንቶ የታጠበበት ውኃማ በቦዩ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል።

የበዓል ዕርድ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። የፍልሰታ ጾም የሚፈታው ነሐሴ 16 ቀን፥ ዝናቡ ገና በበረታበት ጊዜ ነው፤ ዕንቍጣጣሽም ምድሩ ውኃ እንደ ጠገበ ይመጣል። በዚያን ቀን በየግቢው በግ ይታረዳል፤ ፈርሱ፥ ደሙና አንጀቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከበሩ ውጭ ይደፋል። የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህማ ቆዳው ራሱ በቦይ ውስጥ ሲንሳፈፍ እናያለን። ፈርሱ በአትክልት ቦታ ቢቀበር ደኅና ማዳበሪያ ነው፤ የቀረው ደግሞ ጉድጓድ ተቈፍሮለት አፈር ይመለስበት። ግቢ የሌለው ጎረቤት ካለ ጉድጓዱን ማካፈል ከሥጋው ቍርጥ መላክ አያንስም።

የቦዩን አፍ መድፈንም ሌላው በደል ነው። መኪና ለማስገባት ሲባል በአጥር በር ፊት ያለውን ቦይ ከሥሩ ቱቦ ሳይቀብሩ በአፈርና በድንጋይ የሚሞሉ አሉ። ውኃ ግን መንገዱን አይረሳም። በድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት በላይኛው ደጋ የዘነበው ዝናብ ደረቅ ሆኖ በከረመው በደቻቱ አሸዋ ላይ ድንገት ወርዶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት አጠፋ። ደቻቱ ታላቅ ወንዝ ነው፤ የእኛ ቦይ ትንሽ ነው፤ ሥርዐቱ ግን አንድ ነው፤ መሄጃው የተዘጋበት ውኃ በሰው ቤት ውስጥ ያልፋል።

ውኃውን ከመነሻው መቀነስም ይቻላል። ጳጉሜን 3 ቀን፥ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት፥ ዝናብ ሲጥል ልጆቻችን ወጥተው ይጠመቃሉ፤ እናቶችም ንጹሕ ዕቃ ደጅ አውጥተው ውኃውን ተቀብለው ከሊጡ ጋር ይጨምሩታል። በዚያ ቀን ከጣራ የሚወርደውን ጠፈጠፍ ማንም አይንቀውም። በቀሩት የክረምት ቀናት ግን በአሸንዳው ሥር አንድ በርሜል የሚያስቀምጥ ቤት ጥቂት ነው። በርሜሉ ከላይ ወንፊት፥ ከታች ቧንቧ ቢደረግለት ለልብስ፥ ለወለልና ለአትክልት የሚሆን ውኃ ይገኛል፤ ለመጠጥ ግን አይሁን፤ የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራና የወፎችን ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ ይለፍ። ወንፊቱና ክዳኑም ትንኝ እንዳይራባ ይጠብቃሉ። ግቢውንም ሁሉ በሲሚንቶ ከመለሰን ፋንታ ጥቂት ቦታ ለሣርና ለጌሾ ቢተውለት መሬቱ ድርሻውን ይጠጣል።

ሥራውን የሚጀምሩበት ጊዜ ግንቦት ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ በሐምሌ ዝናብ መካከል አካፋ ይዞ መውጣት ብዙ አይረዳም። የመንገዶች ባለሥልጣን ከክረምት በፊት ዋና ዋናዎቹን ቦዮች ያስጠርጋል፤ በመንደር ውስጥ ያሉት ጠባቦቹ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ። ለእነዚህ ከዕድር የተሻለ ማኅበር አናውቅም። ዕድሩ በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ቢያወጣ የሰፈሩ ቦይ ይጠረጋል። የወጣው ደለል ግን በቦዩ አፋፍ ላይ ተከምሮ እንዳይቀር መውሰጃው አስቀድሞ ይታሰብ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል።

በዚያው ዕለት የየጉድጓዱን ክዳን መመልከት ይገባል። የብረት ክዳን እየሰረቁ የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉ የታወቀ ነው፤ የሚገዛቸው ባይኖር ባልሰረቁም ነበር። ክዳኑ የጠፋ እንደ ሆነ ለወረዳውና ለመንገዶች ባለሥልጣን ወዲያው ይነገር። ጎርፍ መንገዱን ሲሸፍነው ጉድጓዱ ስለማይታይ፥ ክዳኑ እስኪገጠም ድረስ ከሩቅ የሚታይ ረዥም እንጨት በጫፉ ቀይ ጨርቅ ታስሮ ይተከልበት፤ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆችም በየትኛው ወገን እንደሚያልፉ አስቀድሞ ይነገራቸው።