የሰሃላ ልጅ ለማን ያድጋል?

አገራችን የደኸየችው ልጅ ስለበዛባት ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት እናት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ በኢትዮጵያ 4.6፣ በአማራ ክልል 3.7፣ በአዲስ አበባ 1.8 ሆኖ ተገኝቷል። ወላጆችን ለመተካት ከ2 በላይ ያስፈልጋልና፣ የዋና ከተማዋን ጎዶሎ የሚሞላው ከገጠር የሚመጣው ወጣት ነው። በ1943 ዓ.ም. ቃኘው ሻለቃ በዘመተላት በደቡብ ኮሪያም ይኸው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 0.72 ወርዷል፤ ሠራተኛም ከውጭ ታስገባለች።

እንግዲህ ሒሳቡን እንመርምር። ድርቅ በማይለየው በዋግ ኽምራ፣ የሰሃላ እናት ጦሟን እያደረች ልጇን ታሳድጋለች። ጉልበቱ ሲጠና ወደ መተማና ሁመራ ሰሊጥ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ አልፎም ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል። የማሳደጉ ወጪ የሰሃላ፣ የጉልበቱ ፍሬ የሌላው ይሆናል። የሚልከው ገንዘብ ቤተሰቡን ይደጉማል፤ የወረዳውን እርከንና ትምህርት ቤት ግን ብቻውን አያቆምም። ዋስትናም የለውም፤ በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ 160,000 ያህል ወገኖቻችንን ስታባርር አይተናል።

ስደት ይከልከል አንልም፤ ክልከላ የሚያበለጽገው ደላላን ነው። የምንለው፣ ሰው አብቅሎ ለሚሰጥ ወረዳ መንግሥት በመስኖ፣ በመንገድና በትምህርት ቤት ድርሻውን ይመልስለት ነው።

እኛም ተማሪዎች ከዚህ ሒሳብ ውጭ አይደለንም። በገበሬው ግብር ተምረን ገበሬውን ከረሳን፣ ከደላላው በምን እንሻላለን?