በባል ስም የተሠራ ሥራ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው አባባል በሁላችንም ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ በባሏ ስም ስትጠራ ለኖረች ሴት ከመቃብር በላይ የሚውልላት ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ የአሜሪካዊው የሲኒማ ኮከብ የሚስተር ግሪጎሪ ፔክ ባለቤት የነበሩት የወይዘሮ ቬሮኒክ ፔክ ሕይወት በቂ መልስ ይሰጣል።

ወይዘሮ ቬሮኒክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በፓሪስ ከተማ ተወለዱ፤ ገና በወጣትነታቸውም የጋዜጣ ሥራ ያዙ። በ1952 ሚስተር ፔክ «ሮማን ሆሊዴይ» የተባለውን ፊልም ለመሥራት ወደ ሮማ ሲያልፉ ፓሪስ ላይ አግኝተው ለጋዜጣቸው አነጋገሯቸው። ቆይቶም ሚስተር ፔክ ለምሳ ጋበዟቸው። በዚያው ቀን ወይዘሮዋ፥ በአፍሪካ ምድር ሐኪም ቤት ካቋቋሙት ከዶክተር አልበርት ሽቫይትዘር ጋር የነበራቸውን ቀጠሮ ትተው ወደ ምሳው እንደ ሄዱ ይተረካል። በ1955 የመጨረሻ ቀን ተጋቡ፤ ወንድና ሴት ልጅ ወለዱ፤ ትዳራቸውም ሚስተር ፔክ በ2003 እስኪሞቱ ድረስ 47 ዓመት ጸና።

የሲኒማ መጽሔቶች የሚወዱት ይህን የፍቅር ታሪክ ነው። እኛ ግን ልናነሣ የወደድነው ሌላውን ነው።

ሚስተር ፔክ በ1966 የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነው ገንዘብ ሲያሰባስቡ ወይዘሮ ቬሮኒክ አብረው ደክመዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስመሰግናቸው ግን ለሎስ አንጀለስ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የሠሩት ነው። በ1986 የከተማው ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ተቃጥሎ 400,000 ያህል መጻሕፍት ዐመድ ሆኑ። ሕንፃው ታድሶ በ1993 ተከፈተ። ይሁን እንጂ መደርደሪያ ቢሞላ አንባቢ ካልተገኘ ምን ይረባል? ባልና ሚስቱ በ1995 በሚስተር ፔክ ስም የሚጠራ የንባብ ፕሮግራም አቋቋሙ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ስመ ጥር ተዋንያን ተጋብዘው በጉባኤ ፊት መጽሐፍ ያነባሉ፤ ሊሰማ የሚመጣው ሕዝብ ይከፍላል፤ የተገኘውም ገንዘብ ለቤተ መጻሕፍቱ የንባብ ትምህርት ይውላል።

እንዲህ ያለው ነገር በዝና ብቻ አይቆምም። ተዋናዩን የሚለምን፥ ቀኑን የሚቆርጥ፥ እንግዳውን የሚጠራ፥ ደመወዝም የማይጠይቅ ሰው ያስፈልገዋል። የሚያነበው ሰው ይጨበጨብለታል፤ ያዘጋጀው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ስሙ እንኳ አይነሣም።

ይህ ሁሉ የባለጸጋ ሚስት ጊዜ ማሳለፊያ ነው የሚል አይጠፋም። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ጊዜ ማሳለፊያ ቢሆን ኖሮ፥ ዝናው የእሳቸው የነበረው ሰው ሲሞቱ ነገሩም አብሮ በቀረ ነበር። ወይዘሮ ቬሮኒክ ግን ከባላቸው ሞት በኋላም የንባቡን ነገር አልተዉም። በ2012 በ80 ዓመታቸው ሲሞቱ ጋዜጦች የጻፉላቸው የሲኒማ ኮከብ ሚስት መሆናቸውን ብቻ ሳይሆን ለቤተ መጻሕፍቱ የደከሙትንም ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ «የእገሌ ሚስት» ብለን የምናልፋትን ሴት ሥራዋ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ እንደሚገባን ነው። ሁለተኛው፥ ስም ያለው ስሙን፥ ገንዘብ ያለው ገንዘቡን ለሰው ጥቅም ማዋል እንደሚችል ነው። ለብዙዎቻችን ሁለቱም የሉንም። ነገር ግን ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ማንበብ ለማይችለው የሚያካፍለው ድምፅ አለው። በሳምንት አንድ ሰዓት ለጎረቤቱ ልጅ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው፥ አዳራሽም ሆነ የሲኒማ ኮከብ ሳያስፈልገው፥ ወይዘሮ ቬሮኒክ የደከሙበትን ሥራ ይሠራል።