ኮሶ፦ ለመድኃኒት የሚለቀመውና ለዘር የሚቀረው

ኮሶ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 እስከ 3300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደጋ የሚበቅል ዛፍ ነው። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ይቆማሉ። ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ መሆኑን የደጋው ገበሬ ያለእኛ አስረጅነት ያውቀዋል።

አዘገጃጀቱም እንግዳ አይደለም። አበባው ዘር ሳይቋጥር ከነዘለላው ተለቅሞ በፀሐይ ይደርቃል። ከዚያም ተወቅጦ በውሃ ወይም በጠላ ይበጠበጥና በማለዳ፣ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚሁ ዛፍ ጽፏል፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም ኮሶ በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ገብቶ ነበር።

ይሁን እንጂ ኮሶ ጠጡ ማለታችን አይደለም። እፍኝና ጣሳ የመድኃኒት መለኪያ ሊሆኑ አይችሉም። የቆየ አበባ ይደክማል፣ አዲሱ ይበረታል፤ ስለዚህ አምና ያልጎዳው መጠን ዘንድሮ ሊጎዳ ይችላል። ከመጠን በላይ ጠጥተው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ ሰዎች አሉ። እርጉዝ ሴትና ሕፃንማ ጨርሶ ሊቀምሱት አይገባም። ደግሞም የትሉ ራስ ከአንጀት ካልወጣ ትሉ እንደገና ያድጋል። በጤና ጣቢያ በልክ የሚሰጥ ኪኒን እያለ በግምት መጠጣቱን አንደግፍም። ከሁሉም የሚሻለው ሥጋን አብስሎ መብላት ነው፤ ለዚህ ምክራችን ግን ብዙ ሰሚ እንደማናገኝ እናውቃለን።

ታዲያ መጠጣቱን ካልደገፍን ዛፉን ስለ ምን ትከሉ እንላለን? ኮሶ ጥሩ ጣውላ ይወጣዋል፣ ንብ ይቀስመዋል፣ የሚረግፈው ቅጠሉም ማሳን ያዳብራል። የሚያሳስበን ዛፉ ከሁለት ወገን መጠቃቱ ነው፤ ግንዱ ለጣውላ ይቆረጣል፣ አበባው ደግሞ ዘር ሳይሰጥ ያልቃል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ነገር ግን በገበሬው ጓሮና ድንበር ላይ ያለውን ዛፍ ሊጠብቅ የሚችለው ገበሬው ራሱ ነው።

ስለዚህ አበባ ለቃሚው ከእያንዳንዱ ሴቴ ዛፍ ላይ ጥቂት ዘለላ እስኪበስል ይተው። ወንዴውም መድኃኒት የለውም ተብሎ አይቆረጥ፤ እርሱ በአቅራቢያው ከሌለ ሴቴው ፍሬያማ ዘር አይሰጥም። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በችግኝ መደቡ ላይ ተበትኖ አፈር በስሱ ብቻ ይነስነስበት።