ነጥቡ ከመስመሩ ይቅደም

በስታቲስቲክስ ትምህርት የሁለት ነገሮችን ዝምድና ለማሳየት ግራፍ መሣል የተለመደ ነው። ብዙዎቻችን ግን የግራፉን ዓይነት የምንመርጠው ለዓይን የሚያምረውን በማየት እንጂ የነገሩን ጠባይ በመመርመር አይደለም። የእኔ አሳብ አጭር ነው፤ ይኸውም ሁለት ተለዋዋጭ ቁጥሮችን ለማነጻጸር የሚሻ ሰው አስቀድሞ ነጥቦቹን ብቻ ያስቀምጥ፤ መስመር የሚያሠምረውም የነጥቦቹ ጠባይ ሲፈቅድለት ብቻ ይሁን የሚል ነው።

ምሳሌውን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም፤ ባሕረ ሐሳብ በእጃችን አለ። አበቅቴና መጥቅዕ ከአንድ ወንበር ይወጣሉ፤ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ፥ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይገኛል። በ2016 ዓ.ም. ወንበሩ 10፥ አበቅቴው 20፥ መጥቅዑ 10 ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ወንበሩ 11፥ አበቅቴው 1፥ መጥቅዑ 29፤ በ2018 ዓ.ም. ወንበሩ 12፥ አበቅቴው 12፥ መጥቅዑ 18 ነው። አበቅቴውን በአግድሙ፥ መጥቅዑን በቁሙ አድርገን ነጥብ ብናስቀምጥ የሁለቱ ድምር ዘወትር 30 ነውና ነጥቦቹ ሁሉ በአንድ ቁልቁለት ላይ ይሰለፋሉ። ነገር ግን አንዱ ሲበዛ ሌላው ስላነሰ፥ አንዱ ሌላውን ቀነሰው አይባልም፤ ሁለቱም የአንድ ወንበር ልጆች ናቸውና። ግራፍ ዝምድናን ያሳያል፤ ወላጁ ማን እንደ ሆነ ግን አይናገርም።

አሁን ደግሞ ዓመቱን በአግድሙ፥ አበቅቴውን በቁሙ አድርገን ነጥቦቹን በመስመር እናያይዛቸው። ከ2016 ወደ 2017 ስንሻገር ከ20 ወደ 1 ታላቅ መውደቅ ይታያል። በእውነቱ ግን የወደቀ ነገር የለም፤ እንደ ወትሮው 11 ተጨምሮ 31 ሲሆን፥ 30ው ተገድፎ 1 ቀረ እንጂ። መስመሩ ያልነበረ ጥፋት አሳየን ማለት ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ መጥቅዕና መባጃ ሐመር ነው። መባጃ ሐመር የሚገኘው መጥቅዑ በዋለበት ዕለት ተውሳክ ላይ መጥቅዑ ሲደመር ነው፤ ተውሳኩም ከዓርብ 2 አንሥቶ እስከ ቅዳሜ 8 ይደርሳል። ስለዚህ መጥቅዑ 18 የሆነባቸው ዓመታት ሁሉ መባጃ ሐመራቸው አንድ አይደለም፤ ከ20 እስከ 26 ይበተናል። በ2018 ዓ.ም. መጥቅዑ እሑድ ይውላልና 7 ተጨምሮ 25 ይሆናል፤ የጾመ ነነዌ መግቢያም ጥር 25 ቀን ነው። አማካዩን ብቻ በዐምድ የሚሥል ሰው 23 ብሎ ይጽፋል፤ በዚህ ቁጥር ጾሙን የሚያስጀምር ቢኖር ግን ከሰባት ጊዜ ስድስቱን ይስታል። ነጥቦቹ እንደ ተበተኑ ቢቀመጡ ይህ ስሕተት ባልደረሰ ነበር።

የባሕረ ሐሳብ ቁጥር በደብረ ሊባኖስ ላለው ተማሪም፥ በመስቀጥ ከተማ በሐምሪያ ሠፈር ለሚኖር ወገናችንም አንድ ነው። ዝናም ግን በአንድ ሀገር ውስጥ እንኳ አንድ አይደለም፤ ስለዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዓለም ባንክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት ጥናት የዝናሙን መለዋወጥና የሀገሩን ጠቅላላ ምርት ዕድገት በአንድ ግራፍ በየዓመቱ አሰልፎ አሳይቷል። ሥዕሉ ዝናምን ለሚጠብቅ ገበሬ ሀገር ታላቅ ቁም ነገር አለው። ሆኖም ሁለት ልዩ ልዩ መለኪያዎች በአንድ ገጽ ሲሣሉ፥ አንዱን በመዘርጋት ሌላውን በማጥበብ ዝምድናቸውን ከእውነቱ ይልቅ የጠነከረ ማስመሰል ይቻላል። ለየዓመቱ አንድ ነጥብ ቢቀመጥ ግን ከሥርዐቱ የወጣው ዓመት ለብቻው ይታያል። በ2008 ዓ.ም. ጽኑ ድርቅ ሳለ የሀገሩ ጠቅላላ ምርት ማደጉን አላቆመም፤ የምግብ ርዳታ የሚሻው ሕዝብ ግን ከ10 ሚሊዮን በላይ ነበረ። የምርቱን መስመር ብቻ ያየ ሰው ይህን ሁሉ ረኃብተኛ ሳያይ ያልፋል።

እንግዲህ ነገ በየደብሩ መዝገብ የምትይዙ፥ የተማሪውንና የምእመኑን ቁጥር ለአባቶች የምታቀርቡ ወንድሞቼ፥ ግራፍ ስትሥሉ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ በነጥቦቹ መካከል በእውነት የሚገኝ ነገር አለን? ከሁለቱ በስተ ጀርባ ሌላ ወላጅ አለን? አማካዩስ የሸሸገው ማንን ነው? ይህን ሳይመረምር መስመር የሚያሠምር ሰው፥ ሳያውቅ በአባቶች ፊት ሐሰት ይመሰክራል።