ብጉር ያወጣ ልጅ ቅጽል ስም አያስፈልገውም

በዚህ እትም ስለ ብጉር ልጽፍ ነው። «ይሄ ደግሞ ርዕስ ነው?» የምትሉ አትጠፉም። ነው እንጂ!

እኛ ክፍል አንዲት ልጅ አለች። ስሟን አልጽፍም፤ ይሄንንም የምጽፈው አስፈቅጃት ነው። ባንዲራ ሰዓት ላይ ዜና ስታነብ ሰልፉ በሙሉ ጸጥ ይል ነበር። ግንባሯና ጉንጯ ላይ ብጉር ሲወጣባት «እንጆሪ» ተባለች። አሁን ማይክ አትይዝም። አሰላ ስለሚበርድ ጠዋት ሻርፕ መጠምጠም ማንንም አይገርምም፤ እሷ ግን ፀሐይ ሲከር 6 ሰዓት ላይም አትፈታውም። ለ8ኛ ክፍል ፈተና ጉርድ ፎቶ አምጡ ስንባል ከክፍሉ መጨረሻ ያመጣችው እሷ ናት። ፎቶ ቤት መግባት ፈርታ ነው። እና ይሄ ቀልድ ነው?

በጣም የሚያናድደኝ «ፍቅር ይዟት ነው» የሚሉት ነገር ነው። «ፊቷን አትታጠብም» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ውሸት ነው። በእኛ ዕድሜ ሆርሞን ሲጨምር ቆዳ ውስጥ ያሉት እጢዎች ወዝ ያበዛሉ። ወዙና የሞተው ቆዳ ቀዳዳውን ሲደፍኑት ባክቴሪያ ይራባና ያብጣል። ከ10 ወጣቶች 8 ያህሉ ላይ ይወጣል። ዛሬ የሚስቀው ልጅ ተራው ገና ሊሆን ይችላል።

ሲሰደብ ደግሞ ልጁ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ፊቱን በሳሙና ደጋግሞ ይፈትጋል፣ በጥፍሩ ያፈርጠዋል፣ ሎሚ ወይ የጥርስ ሳሙና ይቀባል። ይሄ ሁሉ ያባብሰዋል፤ ማፍረጥ ጠባሳ ይተዋል። ከሰው የተዋሱት የፊት ቅባትም ስቴሮይድ ካለበት ቆዳ ያሳሳል። እኛ ሴቶች ደግሞ የጭላሎ ብርድ ስለሚያደርቀን ቅባት እናበዛለን፤ የጸጉሩ ቅባት ግንባር ላይ ሲወርድ እዚያው ብጉር ያመጣል። በቀን 2 ጊዜ ለስለስ ባለ ሳሙና ታጥቦ መተው ይሻላል። ከባሰ ጤና ጣቢያ አለ።

ቤት ውስጥ «ተይው፣ ያልፋል» ይባላል። እውነት ነው፣ ያልፋል። ግን የ8ኛ ክፍል ዓመትም አብሮ ያልፋል።

ስለዚህ ለክበባችን ልጆች የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። የሰው መልክ የሚያነሳ ቀልድ ከመጽሔታችን ይውጣ። ማይኩም ለእሷ ይመለስ። አትለማመጧት፣ አትዘኑላትም፤ አንድ ጊዜ ጠይቋትና እሺ ካለች እንደ በፊቱ ተራዋን ስጧት። ለቀልድ ገጹ የሚጻፍ ካለቀባችሁ የሒሳብ ፈተና ውጤታችን አለላችሁ።