ቁጥሩን ሳይሆን ካርዱን ጠይቁ

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ዕቃው ላይ የትኛው ቁጥር በትልቁ ይጻፍ፣ የትኛው ከታች በደቃቁ ይቀመጥ በሚለው ላይ ተሰብስበን የምንከራከር ሰዎች ነን። ታዲያ ከሁለት ዓመት በፊት ለታናሽ ወንድሜ የጌም ላፕቶፕ ልገዛ ወጥቼ፣ እኔው ራሴ በትልቁ ቁጥር ተሸንፌ ተመለስኩ።

የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ካለፈ እንደምገዛለት ቃል ገብቼ ነበር። አለፈ። ሱቁ ውስጥ ዋጋቸው የሚቀራረብ ሁለት ላፕቶፖች ቀረቡልኝ። አንደኛው ወፈር ያለና ስክሪኑ ፉል ኤችዲ የሚባለው ነው። ሌላው ቀጭን፣ የሚያምር፣ ጥጉ ላይ «4ኬ» የሚል ተለጥፎበታል። ሻጩ በቀጭኑ ላይ ባሕር ውስጥ የሚዋኙ ዓሣዎች ቪዲዮ ከፈተልኝ። ያን ጥራት ካየሁ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቅሁም። ለወራት ያጠራቀምኩትን ከፍዬ ወጣሁ።

ወንድሜ አቅፎ ሳመኝ። ከሦስት ወር በኋላ ግን ሲጫወት ክፍሉ ገብቼ ከኋላው ቆምኩ። ያ ሱቅ ውስጥ ያየሁት ጥራት የለም፤ ምስሉ ደብዘዝ ብሏል። «ምን ሆኖ ነው?» ስለው ደነገጠ። «ሪዞሉሽኑን ቀንሼው ነው፤ አለዚያ ይቆራረጣል» አለኝ። ለካ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሚጫወተው እንዲሁ ነው። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ስንት ደክመሽ ገዝተሽልኝ ምን ብዬ ልንገርሽ?» አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አክስቴ ደወለች። ባለቤቷ ከዱባይ ሊመጣ ነው፤ ለልጃቸው ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል። «አንቺ ታውቂያለሽ፣ ምረጪልኝ እስቲ የኔ ልጅ፤ ልጁ 4ኬ ካልሆነ እያለ ነው» አለችኝ። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ሪዞሉሽን ማለት ስክሪኑ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ብዛት ነው። ፉል ኤችዲ 1920 በ1080 ነው፤ ሁለት ሚሊዮን ያህል ነጥብ። 4ኬ 3840 በ2160 ነው፤ ከስምንት ሚሊዮን በላይ፣ ማለትም አራት እጥፍ። ቪዲዮ አስቀድሞ ተሠርቶ ያለቀ ምስል ስለሆነ ላፕቶፑ ከፍቶ ማሳየት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ጌም ግን ልጁ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር እዚያው በዚያው የሚሳል ምስል ነው። የሚስለው ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ደካማ ካርድ ላይ 4ኬ ስክሪን መግጠም፣ ለ50 ሰው እንጀራ የምትጋግርን ሴት በዚያው ምጣድ፣ በዚያው ሰዓት ለ200 ሰው አድርሺ እንደማለት ነው። እኔ የገዛሁት ላፕቶፕ መጥፎ ዕቃ አልነበረም። ለፎቶና ለቪዲዮ ሠሪዎች የሚሆን እንጂ ለተጫዋች የሚሆን አልነበረም።

ስለዚህ መጀመሪያ ካርዱን ምረጡ፤ ስክሪኑ ይከተላል። ካርዱ 4 ወይም 6 ጊጋባይት የራሱ ሜሞሪ ያለው ከሆነ፣ ለምሳሌ አርቲኤክስ 4050፣ ፉል ኤችዲ ይበቃዋል። 8 ጊጋባይት ካለው መካከለኛውን፣ 2560 በ1440 ወይም 2560 በ1600 የሚባለውን፣ ማሰብ ይቻላል። እሱም ቢሆን ከፉል ኤችዲ ሁለት እጥፍ ያህል ሥራ ስላለው፣ ከባድ ጌሞች ላይ ሌላ ሌላውን ጥራት ዝቅ ማድረግ ሊጠይቅ ይችላል። 4ኬ እጅግ ውድ ለሆኑት ካርዶች ይቆየን። በ15.6 ኢንች ስክሪን ላይ ደግሞ ኳስ ወይም መኪና እየሮጠ ባለበት ሰዓት፣ ዓይን በፉል ኤችዲና በ4ኬ መካከል ያለውን ልዩነት እምብዛም አይለየውም።

ዓይን ቶሎ የሚለየው የእንቅስቃሴውን ቅልጥፍና ነው። ይህንን የሚነግራችሁ ሄርዝ የሚባለው፣ ስክሪኑ በሴኮንድ ስንት ጊዜ ምስል እንደሚያድስ የሚያሳየው ቁጥር ነው። ከ60 ይልቅ 144 ለተጫዋች ይሻላል። የብርሃኑንም መጠን ጠይቁ፤ ኒት በሚባል ይለካል፣ 300 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በመስኮት አጠገብ አያስቸግርም። የካርዱን ዋትም አትርሱ። ስማቸው አንድ የሆኑ ሁለት ካርዶች፣ አንዱ ቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ በትንሽ ኃይል ስለሚሠራ አቅማቸው ሊለያይ ይችላል።

ከምንም በላይ ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቪዲዮ ሳይሆን ጌም አስከፍቱ። ከተቻለ ልጁ ራሱ ቁጭ ብሎ አሥር ደቂቃ ይጫወትበት።

አክስቴ ባለ ፉል ኤችዲና 144 ሄርዙን መረጠች። ልጇ ለአንድ ቀን አኮረፈ፤ ምክንያቱን ወንድሜ ደውሎ ሲያስረዳው ተረጋጋ። 4ኬውን ላፕቶፕ አሁን እኔ ለመሥሪያ ቤት ቪዲዮ እጠቀምበታለሁ፤ ለዚያ ግሩም ነው። ለወንድሜ ሌላ ለመግዛት እያጠራቀምኩ ነው። የዚያን ቀን ሱቅ የምንሄደው አብረን ነው፤ ጠያቂውም እሱ ነው።