“አርጅተዋል፣ ይቅርባቸው” የማለት ሥልጣን የማን ነው?

ከኩፐርቲኖ፣ ካሊፎርኒያ

በሳን ሆዜም ሆነ በኦክላንድ፣ ሐበሻ ለለቅሶም ለክርስትናም በተሰበሰበበት ሁሉ ደጋግሜ የምሰማው አንድ አነጋገር አለ፦ “በዚህ ዕድሜያቸው ምላጭ ምን ይሠራላቸዋል? ባሉበት በሰላም ይኑሩ እንጂ!” ይህ የሚባለው ሰማንያ አምስትና ዘጠና ዓመት ሞልቷቸው የትልቁ አንጀት ካንሰር ስለተገኘባቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን ነው። ተናጋሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ወላጁን አብዝቶ የሚወድ ልጅ ነው። እኔ ግን ይህ አነጋገር ደግነት የለበሰ የችኮላ ፍርድ ነው እላለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

በቅድሚያ ሐኪም አለመሆኔን አንባቢ ይወቅልኝ። ሙያዬ ምሕንድስና ነው፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሆኖም አንድ ነገር “አርጅቷል” ሲባል እንዴት እንደሚመረመርና እንዴት እንደሚወሰን ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁበት ጉዳይ ነው።

እዚህ ቤይ ኤርያ የምንኖር ሁሉ የምናውቀውን ምሳሌ ላንሳ። ኦክላንድን ከሳን ፍራንሲስኮ የሚያገናኘው ቤይ ብሪጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። በ1989 የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ከምሥራቁ ክፍል የላይኛው መንገድ ቁራጭ ወደ ታች ወደቀ። መሐንዲሶቹ ታዲያ “ድልድዩ አርጅቷልና ይፍረስ” ወይም “አርጅቷልና አትንኩት” አላሉም። መረመሩ። የምሥራቁን ክፍል በአዲስ ለመተካት ወሰኑ፤ አዲሱም በ2013 ተከፈተ። የምዕራቡ ክፍል ግን ተጠናክሮ ዛሬም መኪና ይሸከማል። አንድ ድልድይ፣ አንድ ዕድሜ፣ ሁለት የተለያየ ውሳኔ! ውሳኔውን የለየው የተከፈተበት ዓመት ሳይሆን ብረቱ ያለበት ሁኔታ ነበር።

የሰው ልጅ ገላም ከዚህ አይለይም። ዘጠና ዓመታቸው ሆኖ ደረጃ የሚወጡ፣ ጾማቸውን የሚጾሙ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ከነክርስትና ስማቸው የሚጠሩ እናቶች አሉን። በሰባ ዓመታቸው ደግሞ ልባቸውም ኩላሊታቸውም የደከመ አሉ። ታዲያ ሁለቱን በልደት ቀን ብቻ እንዴት እንለያቸዋለን? ያውም የልደት ቀኑ እውነት ከሆነ ነው! ስንቱ አዛውንት ነው በስደት ወረቀቱ ላይ “ጃንዋሪ 1” ተብሎ በግምት የተጻፈለት? ግራኝ በሆነ ግምት ላይ የሰው ሕይወት አይወሰንም።

በመካከላችን ትልቅ መደናገር የፈጠረ አንድ ነገርም አለ። አሜሪካ ውስጥ ጤነኛ ሰው የአንጀት ካንሰር ምርመራ እንዲያደርግ የሚመከረው ከ45 እስከ 75 ዓመት ነው። ከ76 እስከ 85 እንደየሰው ሁኔታ ይታያል፤ ከ85 በላይ አይመከርም። ይህን የሰማ ሰው “ከ85 በኋላ ሐኪሞቹም ትተውታል” ብሎ ይደመድማል። ስሕተት ነው! መመሪያው የሚናገረው ምንም ምልክት ስለሌለው ጤነኛ ሰው ነው። ሰገራው ደም የቀላቀለበት፣ ያለምክንያት የከሳ፣ ሆዱ የሚነፋበት፣ ወይም ደሙ አንሶ የደከመ አዛውንት በዚህ ውስጥ አይገባም። በተለይ በቀኝ በኩል ያለው የአንጀት ክፍል ሲታመም ደም ቀስ እያለ ይፈስሳል፤ ለዓይን አይታይም፤ የሚታየው ድካም ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ድካሙን “እርጅና ነው” ብለን እናልፈዋለን።

“ይቅርባቸው” የሚል ሰው የሚዘነጋው ዋና ነገር ይህ ነው፦ መተው ማለት ሁልጊዜ በሰላም መኖር ማለት አይደለም። ዕጢው እያደገ አንጀቱን ሊዘጋው ይችላል። ያን ጊዜ ሆድ ይነፋል፣ ትውከት ይመጣል፣ አምቡላንስ ይጠራል፤ በሌሊት፣ ያለዝግጅት፣ በተዳከመ ገላ ላይ ኦፕራሲዮን ይደረጋል። ለአዛውንት ከሁሉ የከፋው አደጋ ይህ የድንገተኛው ቀዶ ሕክምና ነው። በቀጠሮ፣ ደም ተሞልቶ፣ ምግብ ተስተካክሎ የሚደረገው በብዙ ይሻላል። ስለዚህ ምርጫው “በምላጭና በሰላም” መካከል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ምርጫው በታሰበበት ምላጭና በድንገተኛ ምላጭ መካከል ነው።

ይህን ስል አደጋው ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። አዛውንትን ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚጥለው ብዙ ጊዜ ካንሰሩ ራሱ ሳይሆን የሳንባ ምች፣ የልብ ድካም፣ የደም መርጋትና የአእምሮ መቃዠት ነው። ከባዱም የመጀመሪያው ዓመት ነው። ያንን ያለፈ አዛውንት በካንሰሩ የመሞት ዕድሉ ከወጣቱ ታካሚ ብዙ የራቀ አይደለም። ፕሬዚዳንት ሬገን እ.ኤ.አ. በ1985 በ74 ዓመታቸው የትልቁ አንጀት ካንሰር ኦፕራሲዮን ተደረገላቸው፤ የሥልጣን ዘመናቸውንም ጨርሰው እስከ 2004፣ እስከ 93 ዓመታቸው ኖሩ። በሌላ በኩል የእኛ ትውልድ ጣዖት የነበረው ፔሌ በ2021 በ80 ዓመቱ ከአንጀቱ ዕጢ ወጣለት፤ በ2022 መጨረሻ ግን በዚያው በሽታ አረፈ። ምላጭ ተአምር አይደለም። የእግዜር ቁጣም አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እንደ ድልድዩ መመርመር ነው! አዛውንቱ ከወንበር ተነሥተው ጥቂት ሜትር ሄደው ለመመለስ ስንት ሰከንድ ይፈጅባቸዋል? ክብደታቸው ቀንሷል? ማስታወሳቸውስ? የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅም ሆስፒታሎች አዛውንቶችን በዚህ መልክ እንዲያዩ በ2019 የተለየ ፕሮግራም ጀምሯል። ሐኪሙ በራሱ ካላነሣው ልጆች ይጠይቁ። ሆድ በሰፊው ሳይከፈት በትናንሽ ቀዳዳዎች ኦፕራሲዮኑ ሊደረግ ይችል እንደሆነም ይጠይቁ፤ ቶሎ ተነሥቶ ለመሄድ ይረዳልና።

እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር ይመጣል። ከማስታወስ ፈተናዎቹ አንዱ ሰዓት መሣል ነው፤ “አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ አድርጉበት” ይባላል። በሐበሻ ሰዓት የሚያስቡ እናት አጭሩን ዘንግ አምስት ላይ ቢያደርጉት አእምሯቸው ደከመ ሊባል ነው? ይህን የሚያስረዳ ሙያ ያለው አስተርጓሚ ያስፈልጋል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ሆኖም ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሆስፒታል የ87 ዓመት አክስቴን ጉዳይ ያስተረጎመው የአሥራ ስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ነበር! ልጁ “ካንሰር” የሚለውን ቃል ለአያቱ መናገር አቃተው። “ቁስል ነው አሉ” ብሎ አለፈው። እኛም ታላላቆቹ ተሰብስበን “አይነገራቸው፣ ይደነግጣሉ” እንባባል ገባን። በመጨረሻ በስልክ አስተርጓሚ ተጠርቶ እውነቱ ሲነገራቸው አክስቴ አልደነገጡም። “የቀበርኳቸውን ልጆች ሳታውቁ ነው እኔን የምትደብቁኝ?” አሉ። ቀጥለውም ሐኪሙን የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ “ከዚያ በኋላ በእግሬ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ወይስ አልጋ ላይ እቀራለሁ?” እኛ ከተማርነው ሁሉ የተሻለው ጥያቄ የእርሳቸው ነበር።

ነገሩ እዚህ ብቻ አያበቃም፤ አገር ቤት ያሉትን ወላጆቻችንንም የምንወስንላቸው በስልክና በዶላር ነውና። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በጥቁር አንበሳ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ የአንጀት ካንሰር በወንዶች ላይ ከቀዳሚዎቹ አንዱ መሆኑ ታይቷል። “የፈረንጅ በሽታ ነው” ማለት ቀርቷል። የሚቆርጥ እጅ ግን በቂ የለም። ለምን የለም? የሕክምና ፋኩልቲውን ካቋቋሙትና በዲንነት ከመሩት አንዱ የሆኑት ታላቁ የቀዶ ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በ1993 ከ40 በላይ ከሚሆኑ መምህራን ጋር ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ፤ በኋላም ታሰሩ፤ በ1999 በሰው አገር በፊላደልፊያ አረፉ። ሐኪም የሚያፈራ መምህር የሚያባርር አገዛዝ ሕመምተኛውንም አብሮ ይቀጣል። ያ ቅጣት ሥርዓቱ ካለፈም በኋላ ለትውልድ ይተርፋል።

አበው “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ብለዋል። እኛ ደግሞ በሽታውን ከባለቤቱ ደበቅን! በዚህ አገር ሕግ አእምሯቸው የሚያስተውል ከሆነ ውሳኔው የልጅ ሳይሆን የታማሚው ነው። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሳይታመሙ በፊት ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው፤ መናገር ቢያቅታቸው ማን እንዲወስንላቸው እንደሚፈልጉ በወረቀት ያስፍሩ። “አይሆንም፣ በቃኝ” ካሉም ይከበር፤ ሕመም ማስታገሻው አይጓደልባቸው። “ይቅርብኝ” የማለት መብት የእርሳቸው ነው። “ይቅርባቸው” የማለት መብት ግን ማንም አልሰጠንም።

ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን ዕድሜና ጤና ይስጥልን!